ድምፁን አሰሙን

«አለ?»

«አለ።»

«ዋጋው ስንት ነው?»

«ደውል።»

ደወልሁ፤ አይነሣም። በማግስቱ ደገምሁ። «አሁን አይመቸኝም፣ በቴሌግራም ጻፍልኝ» ተባልሁ። ጻፍሁ። መልእክቴ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ፤ መልስ ግን የለም። በሦስተኛው ቀን «አሁንም አለ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ አንዲት ቃል መጣችልኝ፦ «ተሽጧል»። ማስታወቂያው ግን ይሄን በምጽፍበት ሰዓት እንኳ እዚያው ተለጥፎ አለ። ነገም ሌላ ሰው «አለ?» ይላል፤ «አለ» ይባላል፤ እሱም እንደኔው ሦስት ቀኑን ይገብራል።

ያገለገለ የሙዚቃ መሣሪያ በኢንተርኔት ለመግዛት የሞከረ ሰው ይሄን ምልልስ በቃሉ ያውቀዋል። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጪ የሰፈር ልጆችን ኪቦርድና ክራር አስተምራለሁ። የልጁ እጅ ትንሽ ሲፍታታ ወላጅ ይመጣና «መምህር፣ እባክዎ ለልጁ ደኅና ዕቃ ይፈልጉልን፤ እኛ አናውቅበትም» ይላል። አዲስ የመግዛት አቅም ያለው ከስንት አንድ ነው። ከተማችን ውስጥ የሚገኘው ዕቃም ምርጫው ጠባብ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ስልኬን ከፍቼ ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ ከቻናል ቻናል ስዞር አመሻለሁ። ይሄ እሮሮ ከዚያ የተጠራቀመ ድካም ነው።

የሚቆጨኝ ደግሞ ያለንበት ቦታ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን አንግቦ ከሰርግ ሰርግ የሚዞርበት፣ በየደብሩ ከበሮው የሚመታበትና ጸናጽሉ የሚንሿሿበት፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ ቤት ያለበት ከተማ ላይ ነን። እዚህ አገር ላይ አንድ ልጅ የሚለማመድበት ዕቃ አጥቶ ወራት ሲጠብቅ ሳይ፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይሄ ነው እላለሁ።

እስኪ ከዋጋው ልጀምር። «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ይሄ ምን የሚሉት ልማድ ነው? ቅዳሜ ገበያ ጤፏን ዘርግታ የተቀመጠች እናት «ስንት ነው?» ስትባል ዋጋዋን ትናገራለች። ትከራከራለህ፤ ትስማማለህ ወይ ታልፋለህ። ከጎንህ ያለውም ሰው ይሰማል፤ ስለሚሰማም ዋጋው ከልክ አያልፍም። በስልክ በኩል የተዘረጋው ገበያ ላይ ግን ዋጋ ምሥጢር ሆኗል። በውስጥ ስትጠይቅም ቀድሞ የሚመጣው ዋጋው ሳይሆን «የት ነህ?» የሚል ጥያቄ ነው። ቀጥሎ «ለራስህ ነው ወይስ ለባንድ?» ይመጣል። ለባንድ ነው ያለ ሰው አንድ ዋጋ ይሰማል፣ ለልጄ ነው ያለ ሌላ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመዴ ነው የሚከፍለው ያለ ደግሞ ሌላ። ዋጋው የዕቃው መሆኑ ቀርቶ የጠያቂው ሆኗል።

አንድ ጊዜ አንድ ኪቦርድ ሦስት ቻናል ላይ በሦስት ዋጋ አገኘሁት። ያው ራሱ መሆኑን ያወቅሁት በግራ ማዕዘኑ ላይ ባለችው ጭረት ነው፤ የጥፍር ያህል ረዝማ ወደ ታች የታጠፈች ጭረት ናት። ሦስቱም «ባለቤቱ እኔ ነኝ» አሉኝ። ሦስቱንም «የኋላውን መሰኪያ ፎቶ አንሣልኝ» አልኋቸው። አንዱ ዝም አለ፣ አንዱ «ነገ» አለ፣ አንዱ ደግሞ ብሎክ አደረገኝ። ዕቃውን ከሦስቱ አንዳቸውም በእጃቸው አልያዙትም ነበር። ደላላ መሆን ነውር አይደለም፤ ሻጭና ገዢ አገናኝቶ የላቡን የሚያገኝ ሰው አከብራለሁ። ነገር ግን ያላየውን ዕቃ «የኔ ነው» ብሎ፣ ያልሞከረውን «ይሠራል» ብሎ መማል ምን ይባላል?

ፎቶውስ? ማታ በአምፖል የተነሣ አንድ ፎቶ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ዳንቴል ተጋድሞበት። ወይ ደግሞ የራሱ ዕቃ ሳይሆን ከፋብሪካው ማስታወቂያ የተወሰደ፣ ነጭ መደብ ላይ የሚያበራ ምስል ነው። ጊታር ከሆነ ሁልጊዜ የሚነሣው ከፊት ነው። ጊታር ግን የሚታመመው ከፊት አይደለም። አንገቱ መቆልመሙ የሚታየው ከጎን ነው። ራሱ ሥር መሰንጠቁ የሚታየው ከኋላ ነው። ክሩ ከጣት ሰሌዳው ምን ያህል እንደራቀ የሚታወቀው ካሜራው ተጠግቶ ሲያይ ነው። «ወንድሜ፣ እባክህ ከጎንና ከኋላ አንዳንድ ፎቶ» ብዬ ስለምን «ያው ነው፣ ምን ይለያል?» እባላለሁ። ለሚለማመድበት ልጅ ይለያል። አንገቱ በቆለመመ ጊታር የጀመረ ልጅ ጣቱ ይቆስላል፣ ኮርዱ አልስተካከል ይለዋል፣ በመጨረሻም «እኔ ሙዚቃ አይሆነኝም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእንጨቱ እንደነበረ የሚነግረው ሰው የለም።

ከሁሉ የታከተኝ ዐረፍተ ነገር ግን «ምንም ችግር የለበትም» የምትለው ናት። ሁሉም ቁልፎች ይሠራሉ ወይ? «ምንም ችግር የለበትም።» ስክሪኑ ላይ የጠፋ መስመር አለ? «ምንም ችግር የለበትም።» አዳፕተሩ የራሱ ነው? «አልኩህ እኮ፣ ምንም ችግር የለበትም።» ሦስት ጥያቄ ጠይቄ ለአንዱም መልስ አላገኘሁም።

የአዳፕተሩን ነገር የምጠይቀው ለጨዋታ አይደለም። እኛ አገር በብዛት የሚዞሩት የያማሃ ኪቦርዶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ፒኤስአር ኤስ የሚባሉት 16 ቮልት፣ አነስተኞቹ ፒኤስአር ኢ የሚባሉት ደግሞ 12 ቮልት አዳፕተር ይፈልጋሉ። የራሱ አዳፕተር የጠፋበት ሰው ቤት ያገኘውን የላፕቶፕ ቻርጀር ቢሰካበት፣ ብዙው የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ስለሆነ ዕቃውን ውስጥ ለውስጥ ሊያቃጥለው ይችላል። ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስልም። ለአንድ ወር ያህል ይሠራና ከዚያ አንድ ቀን ሲከፈት አይበራም። ስለዚህ «አዳፕተሩ የራሱ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ዕቃው እስከ ዛሬ በምን ተመግቦ እንደኖረ መጠየቄ ነው። መልሱ ደግሞ ቀላል ነው፦ «አዎ» ወይ «አይ»።

«አልተነካም» የሚሉትም አለ። «አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጦ ነው፣ ማንም አልነካውም» ይባልልኛል፣ ዋጋውን እንዲያስወድድለት። የሙዚቃ መሣሪያ ግን መቀመጥ አይወድም። ኪቦርድ ሲቀመጥ አቧራና እርጥበት ከቁልፉ ሥር ባለው የላስቲክ መገናኛ ላይ ያድራል፤ ከዚያ ቁልፉ አንዴ ይጮኻል አንዴ ዝም ይላል። የጊታር ክር ይዝጋል። የሳክስፎንን ቀዳዳ የሚደፍነው ቆዳ ይደርቅና አየር ያሳልፋል። የክራርና የማሲንቆ ቆዳ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይላላል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት ኪቦርዱን በመኪናው ሻንጣ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ አውጥቶ ይለማመድበት ነበር። መሣሪያ ጤነኛ ሆኖ የሚኖረው እንዲህ ሰው ሲነካው ነው። ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር የተኛ ዕቃ ከመሸጡ በፊት ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ ተሞክሮ መታየት አለበት። ባለቤቱ ያን ካላደረገ «ችግር የለበትም» የሚለውን ከየት አመጣው?

የእሮሮዬ እምብርት ግን ድምፁ ነው።

ጣና ዳር ታንኳ የሚገዛ ሰው ታንኳውን ውኃ ላይ ሳያይ ብር አይቆጥርም። ደንገሉ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚታወቀው ሲንሳፈፍ ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ሰኮናውን ይመለከታል፣ ጥቂት ይነዳዋል። ሻጩም አጠገቡ ቆሞ ያሳየዋል፤ አይቆጣም፣ «ካላመንከኝ ተወው» አይልም። ክራር ከሠሪው እጅ የሚገዛ ሰው እዚያው ቃኝቶ፣ ገርፎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ነው የሚወስደው። የሙዚቃ መሣሪያ ሲገዛ የሚገዛው ድምፁ ነው። እንጨቱ፣ ላስቲኩ፣ ቆዳው ሁሉ ለድምፁ የተሠራ ቤት ነው። ታዲያ ድምፁን ሳያሰሙ መሸጥ ታንኳን ዛፍ ላይ ሰቅሎ መሸጥ አይሆንም?

«ሙዚቃ ተጫወትልኝ አላልሁም። ከዳር እስከ ዳር እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ አንድ ጊዜ ንካና በስልክህ ቀድተህ ላክልኝ።» ይሄን ልመና ስንት ሰው ደጅ እንዳደረስሁት እግዜር ይቁጠረው። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመንካት አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መልሱ ግን «እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም» ነው። «ስልኬ ሞልቷል» ነው። «ከፈለግህ ግዛ ካልፈለግህ ተወው» ነው። ከሁሉ የሚያመው ደግሞ «መጥተህ እይ» ነው።

መጥተህ እይ! ሻጩ ያለው አዲስ አበባ ነው። ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቆ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ የአውቶቡስ ደርሶ መልስ፣ የአልጋና የምግብ ከፍሎ፣ ከሥራ ቀርቶ መሄድ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ድምፅ ነው፤ እሱ ከወንበሩ ሳይነሣ ሊልካት ለሚችላት ድምፅ። በ2015 ማብቂያ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ብዙ ወራት በቆየንበት ጊዜ «መላክ አልተቻለም» የሚል ሰው ቢኖር እረዳው ነበር፤ እኛም ያኔ አንድ ፎቶ ማየት አቅቶን ነበርና። ዛሬ ግን ያው ሻጭ የልጁን የልደት ቪዲዮ ሲለጥፍ አየዋለሁ። ስልኩ ይቀዳል፤ መስመሩም ይሠራል። የሌለው ፈቃዱ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ደግሞ የበገና ፈላጊ ይበዛል። አምና አንዲት እናት ሰንበት ትምህርት ቤት ለምትማር ልጃቸው ያገለገለ በገና በስልክ አይተው ገዙ። ፎቶው ላይ አሥሩም አውታር በሥርዓት ተወጥረው ይታያሉ። ዕቃው መጣና እቤታቸው ሄጄ አየሁት። አውታሮቹ አሉ፤ እንዝራው ግን የለም። እንዝራ ማለት ከአውታሩ ሥር የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት። ለዓይን ከቁጥር የማትገባ ነገር ናት፤ ነገር ግን የበገናን ያንን የሚነዝር፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። እንዝራ የሌለው በገና ቢደረደር ልብ አይነካም፤ ክሩ ደረቅ ብሎ ይቀራል። ሁለቱ መቃኛዎችም ላልተው አውታሩን አይዙም፤ ቃኝተህ ዞር ሳትል ይወርዳል። ሴትዮዋ ሻጩን ደውለው ሲጠይቁት ምን እንዳላቸው ታውቃላችሁ? «እኔ ለቤት ጌጥ መስሎኝ ነው የሸጥሁልዎ።» በገና፣ በጾም ወቅት፣ ለቤት ጌጥ! ልጅቷ እናቷ ስልኩን ሲዘጉ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ፊቷን ማየት አልቻልሁም።

የቀብዱም ነገር አለ። «ፈላጊ በዝቷል፣ ቀብድ ጣልና ልያዝልህ» ይላል። ትልካለህ፤ በቴሌብር ወይ በባንክ። ከሁለት ቀን በኋላ «ሌላ ሰው ጨምሮ ወሰደው፣ ብርህን እመልስልሃለሁ» ይላል። መመለሱም በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት፣ በስንት ጭቅጭቅ ነው። መለሰልኝ ብሎ የሚያመሰግን ሰው ሁሉ አይቻለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1885 ላይ ይሄን ነገር ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ይለቃል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እጥፍ! አባቶቻችን ቀብድ ሲሉ ቃል ማለታቸው ነበር፤ ሕጉም ቃሉን ያጠፈ ሰው ዋጋ እንዲከፍል አድርጎ ነው የጻፈው። ታዲያ ለአንድ ያገለገለ ጊታር ፍርድ ቤት የሚሄድ ማን ነው? ማንም አይሄድም፤ ሻጩም ይሄን ያውቃል። ቢያንስ ግን ብር ስትልኩ ምክንያቱ ላይ «ቀብድ» ብላችሁ ጻፉ፣ ምልልሱንም አታጥፉ።

የዶላሩን ምክንያትም ጠግበነዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ የአዲስ ዕቃ ዋጋ መናሩ ይገባኛል። ግን ከስድስት ዓመት በፊት ተገዝቶ ሳሎን ውስጥ የኖረ፣ ሁለት ቁልፉ የሚንቀጫቀጭ ኪቦርድ በአንድ ሌሊት እንዴት እጥፍ ያወጣል? አንድ ማታ በአንድ ዋጋ ተስማምተን ስንነጋገር ያደረ ሰው ጠዋት ላይ «ዶላር ጨምሯል» ብሎ ሌላ ቁጥር ጻፈልኝ። ወላጁ ያን ብር ያገኘው ዕቁብ ወጥቶለት ነው። ጭማሪውን ከየት ያምጣው?

ዋጋው ተቆርጦ ተስማማን እንበል። ያን ጊዜ የማሸጉ ጣጣ ይመጣል። «እኔ ማሸግ አልችልም፣ ሰው ላክ» ይላል። ወይም ጊታሩን ያለ ሽፋን፣ ያለ ካርቶን፣ ክሩን እንኳ ሳያላላ ለሾፌር ረዳት ይሰጠውና «ልኬዋለሁ» ይላል። የአውቶቡስ ሻንጣ ቤት ውስጥ ከጆንያ ሥር ገብቶ፣ ኮሮኮንቹንና በረሃውን አልፎ ባሕር ዳር መናኸሪያ ሲደርስ አንገቱ ተለያይቶ ያየሁት ጊታር አለ። አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ ፕላስተር ይበቃው ነበር። «መንገድ ላይ ለሆነው እኔ ምን አገባኝ?» ተባለ። ብሩ ከተላከ በኋላ ያ በየሰዓቱ «ላክህ ወይ?» እያለ ይጽፍ የነበረ ሰው ስልኩ አይነሣም።

እውነቱን ለመናገር ገዢውም ንጹሕ አይደለም። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ የሚጠፋ አለ። «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ሰውን ከቤቱ አስቀርቶ የሚቀር አለ። ሐሰተኛ የባንክ ደረሰኝ ልኮ ዕቃ የወሰደም አለ። ሻጭ የሚያማርረው ያለ ነገር አይደለም። ከሻጮቹም ብዙዎቹ ጨንቋቸው ነው የሚሸጡት፤ ባንዱ የተበተነበት፣ ወደ ውጭ ሊወጣ የተነሣ፣ የቤት ኪራይ የደረሰበት። ኪቦርዱን ሲሸጥ እንባው የመጣበት ሰው አውቃለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ግን ዕቃውን ያውቀዋል። «ይቺ ቁልፍ በብርድ ጊዜ ትይዛለች፣ ትንሽ ስትሞቅ ትለቃለች» ብሎ ነውሩን ሳይጠየቅ ይነግርሃል። ከእሱ የገዛሁት ዕቃ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ነውሩን ስለነገረኝም ዋጋ አልቀነስሁበትም፤ እንዲያውም ያለ ክርክር ነው የከፈልሁት። እውነት የነገረን ሰው ማን ይከራከራል?

ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርገው ማየት ይቻላል። በ2013 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተጀመረው ሪቨርብ የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ መገበያያ ሻጩ ዕቃው በምን ደረጃ ላይ እንዳለ መርጦ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። ከደረጃዎቹ አንዱ «አይሠራም» የሚል ነው። ጃፓን አገር ሃርድ ኦፍ በሚባሉት ያገለገለ ዕቃ መደብሮች ውስጥም የተበላሸ ዕቃ ለብቻው ተቀምጦ፣ የተበላሸ መሆኑ ተጽፎበት በርካሽ ይሸጣል፤ መጠገን የሚችል ሰው ይገዛዋል። የማይሠራ ዕቃ እንኳ እውነቱ ከተነገረ ገዢ አያጣም ማለት ነው። እኛም ጋ ጠጋኝ አይጠፋም። ከተበላሸ ኪቦርድ ቁልፍ ነቅሎ ለሌላው የሚያውል ባለሙያ አለን። ዕቃው መበላሸቱ አይደለም የሚያሳምመን፤ መበላሸቱን የምናውቀው ብራችን ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው።

የምንጠይቀው እኮ ትንሽ ነው። ዋጋውን ጻፉት። ሦስት ፎቶ በቀን ብርሃን አንሡ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። አዳፕተሩ የራሱ ካልሆነ «አይደለም» በሉ። ከተሸጠ ማስታወቂያውን አንሡት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ድምፁን አሰሙን። ሌላ ቢቀር ይቺ አንዷ ትበቃለች። የሰማ ሰው ጥያቄ አያበዛም፣ መንገድ አይመላለስም፣ በኋላም አይረግማችሁም።

ባለፈው ዓመት የአንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ አባት ብር ይዘው መጡ። ባጃጅ ነው የሚነዱት። የልጁ ልደት ደርሶ ነበርና ቸኮሉ። የተገኘውን ኪቦርድ ሻጭ ድምፁን እንዲቀዳልኝ ሦስት ቀን ለመንሁት፤ እንቢ አለ። «መምህር፣ ሌላ እንዳናጣ፣ ይሁን» አሉ አባትዬው። ገዙት። ሲከፈት ብዙው ነገሩ ደኅና ነው፤ መሀል ላይ ያለችው የኤ ቁልፍ ግን አትጮኽም። ትነካታለህ፣ ትወርዳለች፣ ትመለሳለች፤ ድምፅ የላትም። ላስቲኳ አልቋል፤ ምትኩን እስከ ዛሬ አላገኘንም።

ልጁ ግን አላለቀሰም። ትዝታን ከሲ ሲያስነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ያስፈልጉታል፤ ኤ የለችውም። እቤቱ ብቻውን ሲፈልግ ሲፈልግ ቆይቶ፣ ከቢ ፍላት ቢነሣ ኤን ሳይነካ ትዝታን ሙሉውን መጫወት እንደሚችል ደረሰበት፦ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ። ማንም አላሳየውም። መጥቶ ሲጫወትልኝ ደስታም ቁጭትም አንድ ላይ ያዙኝ።

በዚህ ወር እኔ ቤት ባለው ጤነኛ ኪቦርድ ላይ አስቀምጬ «እስኪ ከሲ አስነሣውና ተጫወት» አልሁት። ጀመረ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ከዚያ ኤ ላይ ሲደርስ ጣቱ አየር ላይ ቆመ። ቁልፏ ትሠራለች። ትጮኻለች። እሱ ግን አለፋት። ደግመን ሞከርን፤ ደግሞ አለፋት። «ይቺኛዋ እኮ ደኅና ናት፣ ንካት» አልሁት። ቀስ ብሎ፣ የሰው ደጅ እንደሚያንኳኳ አድርጎ ነካት።

ሻጩ ያን ቀን ሊነግረን ያልፈለገው አንድ ነገር እስከ ዛሬ በዚህ ልጅ ጣት ላይ አለ። ከጣቱ ለማውጣት ስንት ወር እንደሚፈጅብን እንጃ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከኤ እንጀምራለን።